አሥራ ሁለት ቁጥሩ «ሊ/ ማዕበል»

እኔ ተጠራጣሪ ሰው አይደለሁም። ይህን ስል ፈገግ ያላችሁ ካላችሁ ግን ለምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ማን ምን ነገራችሁ?

ባለቤቴ ትርንጎ ከሆነች አትስሟት። እሷ የተባለችውን ሁሉ የምታምን ሴት ናት። ሽንኩርት ሻጭ «ዛሬ የገባ ነው» ካላት ዛሬ የገባ ነው። እኔ ደግሞ በልጅነቴ ሁለት ዓመት ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት የቆየሁ ሰው ነኝ። ቅኔውን አልዘለቅሁትም፤ አመሉ ግን እስከዛሬ አልለቀቀኝም። ሰም ስሰማ ወርቅ እፈልጋለሁ። ጎረቤቴ «እንደምን አደርክ» ሲለኝ «ምን ለማለት ፈልጎ ነው?» እያልኩ ቢሮዬ እደርሳለሁ። አንዳንድ ቀን «እንደምን አደርክ» ማለት «እንደምን አደርክ» ብቻ መሆኑ የሚገባኝ ከምሳ በኋላ ነው።

በዚህ ላይ ሥራዬን ጨምሩበት። ደብረ ማርቆስ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ሃያ ዓመት ሙሉ ወ/ሪት ወ/ሮ ስትሆን፣ ዲ/ን ቄስ ሲሆን፣ ገ/መድኅንና ተ/ሃይማኖት ሲመዘገቡ አይቻለሁ። እዝባር የምንላት ያቺ ዘመም ያለች ጭረት በጀርባዋ ስንት ነገር እንደምትደብቅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም እል ነበር። ነበር ነው ያልኩት።

ዘንድሮ የኮሌጆች የወንዶች መረብ ኳስ አገር አቀፍ ሻምፒዮና እኛ ዘንድ እንዲካሄድ ተወሰነ። ኮሚቴ ተዋቀረ። ሰብሳቢው የስፖርት መምህሩ አቶ ይስማው ነው፤ አብረን ያረጀን የሥራ ባልደረባዬ። አንዱን መስተንግዶ፣ አንዱን መኝታ ሲያከፋፍል ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ መዝገብ ታውቃለህ፤ ተማሪ ያልሆነ ሰው ተማሪ ነኝ ብሎ እንዳይሰለፍ ታጣራለህ» አለኝ።

ለእኔ እንዲህ ያለ ሥራ መስጠት ለጠማው ሰው የጠላ ቤት ቁልፍ መስጠት ነው። ደስታዬን ደብቄ «እሞክራለሁ» አልኩ።

ስለ መረብ ኳስ የማውቀው መረቡንና ኳሱን ነው። ሌላውን በጆሮዬ ለቃቀምኩ። «ሦስት ሴት የወሰደ ያሸንፋል» ሲሉ ሰምቼ ደንግጬ ነበር፤ ኋላ ሴት የሚሉት የጨዋታውን ዙር መሆኑን ነገሩኝ። ለትርንጎ ግን አልነገርኳትም።

ቡድኖቹ መግባት ጀመሩ። ጠረጴዛዬን በሩ አጠገብ አስቀምጬ የእያንዳንዱን ተጫዋች መታወቂያ ከስም ዝርዝሩ ጋር አመሳክራለሁ። ቁመታቸው ራሱ ያጠራጥራል። ተማሪ እንዲህ ይረዝማል? ይህ ልጅ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ የሚያነበው እንዴት ነው? ቢሆንም ቀድመው የደረሱት ሁሉ ዝርዝራቸውን በኮምፒዩተር አስጽፈው፣ ማኅተም አስመትተው ስለመጡ አሳለፍኳቸው።

በመጨረሻ ከወደ ደቡብ፣ ሩቅ ካለ ኮሌጅ የመጣው ቡድን ደረሰ። አሠልጣኛቸው በእስኪርብቶ የጻፋት አንዲት ወረቀት ሰጠኝ። ማኅተሟ አለ። ስሞቹ አሉ። ከስሞቹ ፊት ግን እነዚያ የማውቃቸው ጭረቶች ተሰድረዋል። ካ/ ታምራት። ሊ/ ማዕበል። አ/ ሙሉጌታ። ከዚያ መ/ በረከት፣ መ/ ዮናታን፣ መ/ ሳሙኤል። የቀሩት ከስማቸው ፊት ምንም የላቸውም።

ወረቀቷን ደግሜ አነበብኳት። ካህን ታምራት። ሊቀ ምንትስ ማዕበል፤ ሊ/መንበር ብለን ስንጽፍ ሊቀ መንበር ማለታችን አይደል? አባ ሙሉጌታ። ሦስት መሪጌታ። የቀሩት ምእመናን ይሆናሉ። ይሄ ቡድን የመጣው ለመረብ ኳስ ነው ወይስ ለንግሥ?

መታወቂያቸውን አየሁ፤ ሁሉም ትክክል ነው። ይህ ራሱ አልተዋጠልኝም። የአሥራ ሁለት ሰው መታወቂያ አንድም ስህተት የማይገኝበት አገር የት ነው? ሊ/ የተባለውን፣ ማልያው ላይ አሥራ ሁለት ቁጥር ያለበትን አጭር ልጅ ቀና ብዬ አየሁት። ጢሙ ከተማሪ ጢም በዛ ይላል።

«ትውልድዎ ከወዴት ነው?» አልኩት፣ ምናልባት ሊቀ ጠበብት ከሆነ ብዬ በአክብሮት።

«ከወዲሁ ነኝ ጋሼ፤ መርጡለ ማርያም» አለኝ በጎጃም አነጋገር።

ከደቡብ መጣሁ የሚል ቡድን ውስጥ የመርጡለ ማርያም ሰው! ያ ሁሉ ካህን፣ ያ ሁሉ ሊቅ ካለበት አገር! ደብተሬን ከፍቼ «መርጡለ ማርያም» ብዬ ጻፍኩና በሁለት መስመር አሰመርኩበት።

ማታ ለትርንጎ አጫወትኳት።

«አ/ ያለው አቶ ቢሆንስ?» አለች።

«አቶን ማን ያሳጥራል? ሁለት ፊደል እኮ ነው።»

«አባስ ስንት ፊደል ነው?»

ደብተሬን ዘጋሁት። ሚስት ማስረጃን እንደምታበላሽ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ጨዋታ ተጀመረ፤ እኔም ደብተሬን ይዤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። እናንተዬ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቡድኑ በሙሉ ሰማያዊ ለብሷል፤ ሊ/ ማዕበል ብቻውን ነጭ! ሌላው ተጫዋች ሲቀየር ዳኛ ይጠየቃል፣ ቁጥር ይነሣል፣ ፊሽካ ይነፋል። እሱ ማንንም ሳያስፈቅድ ይገባል፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ይወጣል። ዳኛውም አይናገረውም። ባለማዕረግ ካልሆነ እንዲህ ማን ይደፍራል? መረቡ ጋ ወጥቶ እንደ ሌሎቹ ዘሎ አይመታም፤ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ደግሞ ይሰግዳል። አዎ፣ ይሰግዳል! ኳሷ በመጣች ቁጥር በግንባሩ ይደፋል፣ ይነሣል፣ ይደፋል። ልክ እንደ ኪራላይሶኑ አርባ አንድ ላይ ስደርስ ቆጠራዬን አቆምኩ።

ካህን ታምራት ደግሞ ዳኛውን የሚያናግረው እሱ ብቻ ነው። ሌላው አፉን ከከፈተ ይገሠጻል። አባ ሙሉጌታ እጁን ከጀርባው አድርጎ በጣቶቹ በድብቅ ይባርካል፤ ሁለት ጣት፣ ከዚያ አንድ ጣት። ነጥብ ባገኙ ቁጥር ስድስቱም ክብ ሠርተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው አንድ ነገር ይላሉ። ማኅሌት ይቁሙ አይቁሙ ከሩቅ አልተሰማኝም።

ማስረጃ ይበቃኝ ነበር፤ ግን ጠንቃቃ ሰው ስለሆንኩ አባ ሙሉጌታን ልፈትነው ወሰንኩ። ከጨዋታው በኋላ መተላለፊያው ላይ ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ ሰክቶ ቆሞ አገኘሁት። ጠጋ፣ ዝቅ ብዬ «አባ፣ ይፍቱኝ» አልኩት። ካህን ከሆነ «እግዚአብሔር ይፍታ» ማለቱ አይቀርም፤ ያኔ ያዝኩት ማለት ነው።

ልጁ ማዳመጫውን ነቀለና አንገቴን አየ። የኮሚቴ ባጄ ክር ከብዕሬ ክር ጋር ተተብትቦ ኖሯል። «እሺ ጋሼ» ብሎ ጎንበስ አለና በትዕግሥት ቋጠሮውን ፈታልኝ።

ደብተሬ ላይ «ይፍቱኝ ብዬው ፈታኝ» ብዬ ጻፍኩ።

በሦስተኛው ቀን ግማሽ ፍጻሜ ነበር፤ የኛ ኮሌጅ ከእነሱ ጋር፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። በጠዋት ይስማው ቢሮ ገብቼ ተቃውሞዬን አስገባሁ። «አሥራ ሁለት ቁጥር ተማሪ አይደለም» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም።

«ምክንያቱ?» አለ ይስማው።

«ምክንያቱን የምናገረው ለሙሉ ኮሚቴው ብቻ ነው።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይስማውንም ጠርጥሬው ነበር። እሱም ሊ/መንበር ነው እኮ።

«ተቃውሞ የቀረበበት ተጫዋች ጉዳዩ እስኪሰማ አይሰለፍም። እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እንግዲያው ስምንት ሰዓት ላይ እንሰበሰባለን» አለና ደብዳቤውን ለአሠልጣኙ ላከለት።

ከምሳ በፊት ሜዳው ዳር ስደርስ ሊ/ ማዕበል ነጭ ማልያውን አውልቆ፣ ጓደኞቹ ሲለማመዱ ብቻውን አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አየሁት። ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል። ተመልካች መቀመጫው ላይ ደግሞ አንድ ነጭ ጥምጣም ያደረጉ ቄስ ጥላቸውንና አንድ ከረጢት ታቅፈው እሱን እሱን ያያሉ። ቄስ! የነገሩ መጨረሻ ራሱ በእግሩ መጣልኝ። መስቀላቸውን ተሳልሜ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ከየት መጡ አባ?»

«ከመርጡለ ማርያም። ቄስ አላምረው እባላለሁ። ያን ብቻውን የተቀመጠውን ልጅ ላየው ብዬ ነው። ምነው አያጫውቱትም ልጄ?»

«ምንዎ ነው?» አልኩ፣ ከረጢቱን በዓይኔ እየመዘንኩ። ካባ ቢሆንስ?

«ልጄ ነው።»

«የነፍስ ልጅዎ?»

«የአብራኬ ክፋይ ነው እንጂ! የማን መሰለህ?» አሉና ቀጠሉ። «ቅኔ ቤት አስገብቼው ጥሎ ሄደ። ኳስ ነው አሉኝ። አራት ዓመት ሙሉ እኔም ብዙ አላናገርኩት፣ እሱም ብዙ አልጻፈ። ዘንድሮ ይመረቃል፤ ውድድሩም የመጨረሻው ነው። እናቱ ‹ቅኔውን ያስጣለውን ነገር አንድ ቀን እንኳ ሄደህ እየው› ብላ አስወጣችኝ። በጠዋት ተነሥቼ፣ በስንት መኪና ደረስኩ።»

ልቤ ትንሽ ተነካ። ነገር ግን ካህን ባይዋሽም፣ ሰውየው ካህን ለመሆናቸው ከጥምጣሙ ሌላ ምን ማስረጃ አለኝ? ዝርዝሩን ከኪሴ አወጣሁና «ታዲያ ይህ ምንድን ነው አባ?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቷን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ሊ/ ማዕበል» ብለው አነበቡ። ጣታቸውን ጭረቷ ላይ አሳረፉ።

«ሊቀ… ሊቀ ምንድን ነው ልጄ? ይኸ የማነው ጽሑፍ?»

«የአሠልጣኙ።»

«አልነገረኝም! እዚያ ሆኖ ሲማር ኖሯል እኮ! ለዚህ ማዕረግ ሲበቃ አልነገረኝም!» አማተቡ። ዕንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። «እኔ ደግሞ ኳስ ብዬ አኮረፍኩት።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አባትየው ራሳቸው መሰከሩ። ደስ ግን አላለኝም። ከሰዎቹ ሁሉ እንደ እኔ አድርጎ ያነበበው የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ፤ እንደ እኔ የሚያነብ ሰው ማየት ደግሞ እንዴት እንደሚያስፈራ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ቆሜ፣ ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ ማስረጃዬን ከነጩ ማልያ እስከ አርባ አንዱ ስግደት በተራ አነበብኩ። «ይፍቱኝ ብዬው ፈታኝ» የሚለው ጋ ስደርስ ይስማው ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፋ። ሰገደ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ግን እየሳቀ መሆኑ ገባኝ።

«ካ/ ካፒቴን ነው» አለ ዕንባውን እየጠረገ። «ዳኛ የሚያናግረው እሱ ብቻ ነው። አ/ አመቻች፣ በጣቱ ምልክት እየሰጠ ለመቺው ኳስ የሚያመቻች። መ/ መቺ። ሊ/ ሊቤሮ ነው አንተ ሰውዬ! ከኋላ ሆኖ ኳስ የሚያነሣው፤ ማልያው የሚለየው፣ እንዳሻው የሚገባ የሚወጣው ሕጉ ስለሆነ ነው። ምነው ብትጠይቀኝ?»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። የመዝገብ ቤት ሃያ ዓመቴ በአራት ጭረት አለቀ።

ከዚያ የመስተንግዶው አቶ ደመላሽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሱስ እሱ ነው፤ ግን ነገሩን እዚህ ያለነው ብቻ ነን የምናውቀው። ‹ማጣራቱ አላለቀም› ብንል ምን ይለናል? ያለዚያ ልጅ በቀላሉ እናሸንፋቸዋለን» አለ።

ሁሉም እኔን ያያሉ። አልዋሻችሁም፤ አሳቡ ጥሞኝ ነበር። የኛ ኮሌጅ ለፍጻሜ ይደርሳል፤ የእኔም ቅሌት እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀበራል። ተቃውሞዬን ብስብ ግን ደንቡ ምክንያቱን በቃለ ጉባኤ አስፍር፣ ፈርም ይላል። «ሊቤሮን ሊቀ ብዬ በማንበቤ» ብዬ በገዛ እጄ፣ ያውም መዝገብ ቤት በሚቀመጥ ወረቀት ላይ! ወረቀቱን የማስቀምጠው ደግሞ እኔው ነኝ።

ቄሱ ትዝ አሉኝ። በስንት መኪና ነው ያሉት? ልጁ ፊቱን በእጁ እንደያዘ ትዝ አለኝ። አንድ ጊዜ ሊያዩት የመጡት ጨዋታ፣ ያውም የመጨረሻው። እኔ በአንዲት ጭረት በአባትና በልጅ መካከል ገብቼ ልቀመጥ?

«ብዕር ስጡኝ» አልኩ። አንገቴ ላይ ነበር።

ፈርሜ ስወጣ የቀረው ከዚያ የባሰው ነበር። ቄስ አላምረው ካየኋቸው ቦታ ሳይነቃነቁ፣ ፊታቸው እንደበራ ጠበቁኝ። «ሊቀ ምን እንደሆነ ጠየቅህልኝ?» አሉ።

«አባ፣ ሊቀ አይደለም። ሊቤሮ ነው። የኳስ ነገር ነው። ያሳትኩዎ እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁ። በዕድሜዬ እንደዚያች ደቂቃ ራሴን ጠልቼ አላውቅም። ከረጢታቸውን አጥብቀው ታቀፉ። ልጁ ነጩን ማልያ ለብሶ እየሮጠ ወደ ሜዳ ገባ፤ እሳቸው ግን ቀና ብለው አላዩትም።

ዓይናቸውን ከከረጢቱ ሳያነሡ «ሊቤሮ ማለት ምንድን ነው?» አሉ።

እኔም ከሩብ ሰዓት በፊት የተማርኩትን አስተማርኩ። «ከወዲያ ማዶ የሚልኳትን ኳስ መሬት ሳትነካ የሚቀበል ነው።»

«የሚቀበል?»

«አዎ አባ፣ ተቀባይ።»

«ተቀባይ!» አሉና ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «ተቀባይ ነው በለኛ!»

ቅኔ ቤት ላልዋለ ልንገር። ሊቁ ቆሞ አዲስ ቅኔ ሲዘርፍ አንድ ሰው ከአጠገቡ ሆኖ እየተቀበለ ለጉባኤው ጮክ ብሎ ይደግማል። ቅኔውን ቀድሞ አልሰማውም፣ አልተጻፈለትም። አንዲት ቃል ከጣለ ቅኔው ተበላሸ። ይኸን ሰው ተቀባይ ይሉታል።

«እኔ መርጡለ ማርያም ሠላሳ ዓመት ተቀባይ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «አንድም ቃል አልጣልኩ።»

ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን ከልጁ ላይ አልነቀሉም። ጨዋታው እስከ አምስተኛው ዙር ሄደ። አሥራ አራት ለአሥራ ሦስት ይመሩናል፤ አንድ ነጥብ ካገኙ እኛ አለቀልን። የኛ ትልቁ መቺ ከላይ ዘሎ አንዲት ኳስ ለቀቀ፤ ሕዝቡ ገና ሳታርፍ «ጎሽ!» አለ። ማዕበል በደረቱ ተወርውሮ፣ ከመሬት አንድ ጣት ከፍታ ላይ በእጁ ጀርባ አነሣት። ኳሷ ወጣች፣ አ/ ሙሉጌታ አመቻቸ፣ መ/ በረከት መታ፣ አለቀ።

የኛ ደጋፊ በሙሉ ዝም አለ። በዚያ ዝምታ መካከል ቄስ አላምረው ተነሥተው፣ ቅኔ ሲያምርላቸው እንደሚሉት በሙሉ ድምፃቸው «ይበል!» አሉ።

እኔም፣ ባለ ባጁ የአስተናጋጁ ኮሌጅ የኮሚቴ አባል፣ ከጎናቸው ቆሜ «ይበል!» ስል ራሴን ሰማሁት።

ያን ያህል ሰው አንድ ላይ ዞሮ አይቶኝ አያውቅም። ልጁም የአባቱን ድምፅ አውቆ ዞረ። መጥቶ ጉልበት ሊስም ሲል አባትየው ከከረጢቱ እናቱ የፈተለችለትን ጋቢ አውጥተው፣ ላብ በላብ እንደሆነ አለበሱት፤ ጆሮው ላይ አንድ ነገር አሉት። ምን እንዳሉት አልሰማሁም። አጥብቄም አልጠየቅሁም፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ጋቢውን ለብሶ፣ ያን ጢሙን ይዞ ሲታይ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ሊቀ ምንትስ ይመስል ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ ቢሮዬ በር ላይ ከስሜ ፊት በእስኪርብቶ «ሊ/» ተብሎ ተጨምሮበት አገኘሁ። አላጠፋሁትም፤ ዛሬም እዚያው አለ። የማን የእጅ ጽሑፍ እንደሆነ ግን እያጣራሁ ነው። ትርንጎ «እኔ ምን አውቃለሁ» ብላኛለች፤ ምን ለማለት ፈልጋ ነው?